ልጆቻቸውን በቤት የሚያስተምሩ እናቶች ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ልጆቻችሁን በቤት ማስተማር የጀመራችሁ፣ ወይም ለመጀመር የምታስቡ እህቶችና ወንድሞች ላቀረባችኋቸው ጥያቄዎች በየተራ እመልሳለሁ። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። የምመልሰው ልጆቿን በቤት እንደምታስተምር አንዲት ክርስቲያን እናት ነው።

ጥያቄ፦ የዘጠኝና የስድስት ዓመት ልጆች፣ እንዲሁም ገና መራመድ የጀመረ ሕፃን አሉኝ። ቀኑን እንዴት ልከፋፍለው? በትምህርት ቤት የሚማሩትን ያህል ሰዓት ካልተማሩ ወደ ኋላ ይቀራሉ ብዬ እሰጋለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ የሰዓቱን ስጋት ያቅልሉት። በክፍል ውስጥ አንድ መምህር ብዙ ልጆችን ስለሚያስተምር ከጊዜው ብዙው የሚያልፈው ስም በመጥራት፣ ጸጥታ በማስከበር፣ ደብተር በማረምና የዘገየውን በመጠበቅ ነው። እርስዎ ግን ከልጅዎ አጠገብ ተቀምጠው የገባውን እያለፉ፣ ያልገባውን ወዲያው እየደገሙ ስለሚያስተምሩ ያው ትምህርት በጣም ባነሰ ጊዜ ያልቃል። በእኔ ግምት ለስድስት ዓመቱ ልጅ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ለዘጠኝ ዓመቱ ደግሞ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት በትኩረት የሚሰጥ ትምህርት ይበቃል፤ ይህም ተከፋፍሎ እንጂ በአንድ ጊዜ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ስለ ቤት ውስጥ ትምህርት አብዝታ የጻፈችው ሻርሎት ሜሰን (እ.ኤ.አ. 1842–1923) ከስምንት ዓመት በታች ላሉ ልጆች አንዱ ትምህርት ከ20 ደቂቃ እምብዛም እንዳይበልጥ ትመክር ነበር። ትምህርቱ ሲረዝም ልጁ ሐሳቡን በትኖ መቀመጥን ይለምዳል፤ ይህ ልማድ አንዴ ከያዘው ደግሞ ለማስተው ያስቸግራል።

እኔ ቀኑን በሰዓት ከመቁረጥ ይልቅ በቅደም ተከተል ማደራጀትን እመርጣለሁ። ከቁርስ በኋላ ጸሎትና ንባብ፣ ከዚያ ሒሳብ፣ ከዚያ ጥቂት ጨዋታ፣ ከዚያ ጽሕፈት ብለው ካስለመዷቸው፣ ሕፃኑ ታሞ ወይም እንግዳ መጥቶ ቀኑ ቢዘገይ እንኳ ሥርዓቱ አይፈርስም፤ ከቆመበት ይቀጥላል። ስለ ሕፃኑ የምመክርዎት ትምህርቱን ከመጀመርዎ በፊት በቅድሚያ እርሱን እንዲያጫውቱት ነው፤ የእናቱን ፊት ጠግቦ ያየ ሕፃን ብቻውን ለመጫወት ይታገሣል። የእርስዎን ሙሉ ትኩረት የሚፈልገውን ትምህርት እርሱ ለሚተኛበት ጊዜ ያቆዩት። የስድስት ዓመቱን ማንበብ ሲያስተምሩ ትልቁ ሕፃኑን ቢይዝልዎት ደግሞ ለእርሱም ትምህርት ነው።

ጥያቄ፦ ከልጄ ጋር በሰላም ውለን ሒሳብ ላይ፣ በተለይ መቀነስ ላይ፣ ስንደርስ እንጣላለን። እርሷ ታለቅሳለች፣ እኔም እቆጣለሁ። እናትም መምህርም መሆን ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ ነገር ግን እንባው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ልጁ አንድ የተወሰነ ነገር ሳይገባው ሲቀርና እኛም ያንን ነገር ለይተን ሳናገኘው ስንቀር ነው። በጥያቄዎ ውስጥ የገለጹትን መቀነስ እንውሰድ። ልጅዎ 402 ሲቀነስ 178 ተብላ 376 ብላ ጽፋለች። ይህ በዘፈቀደ የተጻፈ መልስ አይደለም፤ በየቤቱ ከትልቁ አኃዝ ትንሹን ቀንሳለች። ከ8 ላይ 2 ሲቀነስ 6፣ ከ7 ላይ 0 ሲቀነስ 7፣ ከ4 ላይ 1 ሲቀነስ 3። ከላይ ይሁን ከታች ሳትለይ ትልቁን ፈልጋ ቀንሳለች ማለት ነው። «ተሳስተሻል፣ ድገሚው» ብትባል ያንኑ ትደግማለች፤ ምክንያቱም እርሷ የምታውቀው ሕግ እርሱ ነውና።

ስለዚህ እርሳሱን አስቀምጣችሁ ስንጥር አምጡ። አሥር አሥሩን በክር እሰሩ፤ አሥሩን እስር ደግሞ አንድ ላይ አስራችሁ መቶ አድርጉት። 402 ማለት አራት መቶዎችና ሁለት ነጠላ ስንጥሮች መሆናቸውን በዓይኗ ትይ። ከሁለት ስንጥር ላይ ስምንት ስጪኝ ሲሏት እንደማይቻል ራሷ ትነግርዎታለች። ወደ አሥር ቤት ትሄዳለች፤ ባዶ ነው። ያን ጊዜ ከአራቱ መቶዎች አንዱን ፈትታ አሥር እስሮች ታገኛለች፤ ከአሥሩ እስሮች አንዱን ፈትታ አሥር ነጠላዎች ታገኛለች። አሁን በእጇ ሦስት መቶ፣ ዘጠኝ አሥርና አሥራ ሁለት ነጠላ አለ። ከ12 ላይ 8 ሲቀነስ 4፣ ከ9 ላይ 7 ሲቀነስ 2፣ ከ3 ላይ 1 ሲቀነስ 2፤ መልሱ 224 ነው። በወረቀት ላይ «መበደር» የምንለው ነገር ክር መፍታት መሆኑን በእጇ ከዳሰሰችው በኋላ ዜሮ አያስፈራትም።

እንባው ከጀመረ ግን በዚያ ቀን ትምህርቱን ማቆም መሸነፍ አይደለም። የሚያለቅስ ልጅ ሒሳብ አይማርም፤ የሚማረው ሒሳብን መጥላት ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ በኤፌሶን 6፥4 ልጆችን በጌታ ምክርና ተግሣጽ ስለ ማሳደግ ሲጽፍ፣ በዚያው ዓረፍተ ነገር ልጆችን እንዳናስቆጣ ያሳስባል። ሁለቱን በአንድ ላይ ማስቀመጡን በቤት ለምናስተምር ሰዎች እንደ ተጻፈ አድርጌ እቀበለዋለሁ።

ጥያቄ፦ አንዳንድ ክርስቲያኖች ልጆችን በቤት ማስተማር የእግዚአብሔር ትእዛዝ ነው፣ ወደ ትምህርት ቤት መላክም ኃጢአት ነው ይላሉ። እርስዎ ምን ይላሉ?

መልስ፦ ይህን ሸክም በማንም እናት ላይ መጫን አልፈልግም። በዘዳግም 6፥6–7 የታዘዝነው የእግዚአብሔርን ቃል በልባችን ይዘን በቤት ስንቀመጥ፣ በመንገድ ስንሄድ፣ ስንተኛና ስንነሣ ለልጆቻችን እንድናስተምር ነው። ይህ ኃላፊነት የወላጅ ነው፤ ልጁ የትም ይማር የት ለሌላ ተላልፎ አይሰጥም። ማባዛትንና ጂኦግራፊን ማን ያስተምር የሚለው ግን ሌላ ነገር ነው። ሙሴ የግብፃውያንን ጥበብ ተምሯል (ሐዋ. 7፥22)፤ ዳንኤልና ጓደኞቹም የከለዳውያንን ትምህርትና ቋንቋ ተምረዋል (ዳን. 1፥4)፤ እምነታቸውን ግን አልጣሉም። በሌላ በኩል ጢሞቴዎስ ከልጅነቱ ጀምሮ ቅዱሳት መጻሕፍትን ያወቀ ሲሆን፣ ጳውሎስ ያ እምነት አስቀድሞ በአያቱ በሎይድና በእናቱ በኤውንቄ እንደ ነበረ ይመሰክራል። አባቱ ግሪካዊ እንደ ነበረ በሐዋርያት ሥራ 16፥1 እናነባለን፤ ስለዚህ የትዳር ጓደኛችሁ በእምነት አብሯችሁ የማይቆም እህቶች በዚህ ቤተሰብ ታሪክ ልትጽናኑ ይገባል። እኛ ቤት ማስተማርን የመረጥነው ለልጆቻችን ይጠቅማል ብለን ስላመንን ነው፤ ያልመረጠችው ጎረቤቴ በጌታ ፊት ከእኔ አታንስም።

ጥያቄ፦ በቤተሰብ ጸሎት ጊዜ ልጆቼ ይሰለቻሉ፣ ይገፋፋሉ፣ ትንሹም ይተኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ያሳጥሩት። ለትንንሽ ልጆች አሥር ደቂቃ በቂ ነው፦ አንድ መዝሙር፣ ከወንጌል አንድ ታሪክ፣ አጭር ጸሎት። ታሪኩ ከተነበበ በኋላ ማብራሪያ ከመስጠትዎ በፊት አንዱ ልጅ የሰማውን በራሱ አነጋገር ይተርክ። የሚተርክ ልጅ መስማት ግድ ስለሚሆንበት ግፊያው ይቀንሳል፤ ታሪኩም ከማብራሪያው ይልቅ በልቡ ይቀራል።

ከጋራ ጸሎት በተጨማሪ ከእያንዳንዱ ልጅ ጋር ብቻዎን የሚሆኑበት ጊዜ እንዲኖርዎት አጥብቄ እመክራለሁ። የሜቶዲስት እንቅስቃሴ መሪዎች የነበሩት የጆንና የቻርልስ ዌስሊ እናት ሱዛና ዌስሊ (እ.ኤ.አ. 1669–1742) 19 ልጆች ወልዳ ብዙዎቹ በሕፃንነታቸው ሞተውባታል፤ የተረፉትን በቀን ስድስት ሰዓት በቤቷ ታስተምር ነበር። ያ ሁሉ ሥራ እያለባት በሳምንቱ ውስጥ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ምሽት መድባ ስለ ነፍሱ ለብቻው ታነጋግረው ነበር፤ የጆን ቀን ሐሙስ ነበር። ጆን ካደገ በኋላም ያን የሐሙስ ምሽት በናፍቆት እያነሣ ለእናቱ ጽፎላታል። እንደ እርሷ ስድስት ሰዓት ማስተማር ለብዙዎቻችን አይሆንም፤ ሐሙሱን ግን ማንኛችንም ልናደርገው እንችላለን። መብራት ከመጥፋቱ በፊት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ «ዛሬ ምን አሳዘነህ?» ብሎ መጠየቅና መልሱን ሳያቋርጡ መስማት ነው።

ጥያቄ፦ ልጆቼ ጥቅስ በቃላቸው ያጠናሉ፤ በሳምንቱ ግን ይረሱታል።

መልስ፦ የመርሳትን ነገር በራሱ ላይ እየሞከረ ያጠናው ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ሥራ፣ የተጠና ነገር በአብዛኛው የሚረሳው ወዲያው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት መሆኑን፣ ድግግሞሹም በአንድ ቀን ከሚከማች ይልቅ በተለያዩ ቀናት ቢከፋፈል የበለጠ እንደሚጸና አሳይቷል። ስለዚህ አንዱን ጥቅስ በአንድ ቀን ብዙ ጊዜ ከማስደገም በማግስቱ፣ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከሳምንት በኋላ፣ ከዚያም በወሩ አንዳንድ ጊዜ ብቻ ይጠይቋቸው። ጥቅሶቹን በትንንሽ ካርዶች ጽፎ የዕለት፣ የሳምንትና የወር ብሎ ለይቶ ማስቀመጥ ይረዳል። ትርጉሙን ያልተረዱትን ጥቅስ ግን አያስጠኗቸው።

ጥያቄ፦ እኔ አባት ነኝ። ማታ ደክሜ ስገባ ትምህርቱ አልቋል። የእኔ ድርሻ ምንድን ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ድርሻዎ ትልቅ ነው። ልጆቹ በዕለቱ የሠሩትን አንድ ነገር እንዲያሳዩዎት ይጠይቋቸው፤ ማታ መጽሐፍ ያንብቡላቸው፤ ባለቤትዎም ቢያንስ በሳምንት አንድ ግማሽ ቀን ከቤትና ከልጆች ነፃ እንድትሆን ያድርጉ። ይህ የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ልጄ ስምንት ዓመት አልፎታል፤ ገና አያነብም። ዘመዶች በእኔ ይፈርዳሉ።

መልስ፦ የዘመዶችን ፍርድ ለጊዜው ይተዉትና ልጁን ይመልከቱ። አስቀድመው ዓይኑንና ጆሮውን ያስመርምሩ፤ ብዙ ጊዜ ይህ ቀላል ነገር ይዘለላል። ከዚያ ድምፆችን መለየቱን በጨዋታ ይፈትሹ፦ ሁለት ቃላት በአንድ ዓይነት ድምፅ መጀመራቸውን ያውቃል? የአንድን ቃል ድምፆች ለያይተው ቢጠሩለት አገናኝቶ ቃሉን ይነግርዎታል? ይህን ካልቻለ መጽሐፉን አስቀምጠው በአፍ ብቻ ያለማምዱት። ይህን እየቻለ ፊደል ከድምፁ ጋር የማይያያዝለት ከሆነ፣ ወይም ትናንት ያነበበው ዛሬ እንግዳ የሚሆንበት ከሆነ፣ የንባብ ችግርን የሚያውቅ ባለሙያ እንዲያየው ያድርጉ። «በራሱ ጊዜ ይመጣለታል» ማለት ለአንዳንድ ልጅ እውነት ነው፤ ዲስሌክሲያ (ፊደልን ከድምፁ ማያያዝን የሚያከብድ የንባብ ችግር) ላለበት ልጅ ግን ጊዜውን ያባክንበታል። እስከዚያው ከዕድሜው የሚመጥኑ መጻሕፍትን ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡለት፤ ማንበብ ስላልቻለ አእምሮው ሊራብ አይገባም።

ጥያቄ፦ በጣም ደክሞኛል። ለራሴ የምጸልይበት ጊዜ እንኳ የለኝም፤ ይህም ያሳፍረኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ በ1ኛ ነገሥት 19 ኤልያስ ከዛፍ በታች ተኝቶ ሞቱን ሲለምን እግዚአብሔር በቅድሚያ የላከለት ወቀሳ አልነበረም፤ መልአኩ ቀስቅሶ እንጀራና ውኃ ሰጠው፣ ተመልሶም ሲተኛ ተወው፣ ሁለተኛም አበላው። ድምፁን የሰማው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ከእንቅልፍዎ ቀንሰው ለመጸለይ ከመወሰንዎ በፊት ይተኙ። ከምሳ በኋላ የጸጥታ ሰዓት ይሥሩ፤ ትንንሾቹ ይተኛሉ፣ ትልልቆቹ በየቦታቸው መጽሐፍ ይዘው ይቀመጣሉ፣ እርስዎም በዚያ ሰዓት ልብስ አያጥፉ፣ ዕቃ አይጠቡ። አንድ መዝሙር አንብበው በአንድ ዓረፍተ ነገር ቢጸልዩ ጸልየዋል። ድካሙ ለሳምንታት ከቀጠለ፣ እንቅልፍ ከነሣዎት፣ ወይም ደስ ይልዎት የነበረው ሁሉ ካስጠላዎት ግን ሐኪም ያማክሩ፤ ይህ የእምነት ማነስ ምልክት አይደለም።

ጥያቄ፦ ልጆቹ ከሰው ጋር መኖር አይቸግራቸውም?

መልስ፦ ቤቱን ከዘጋን ይቸግራቸዋል። በሰንበት ትምህርት፣ በመዘምራን፣ በስፖርት ቡድን፣ በታመመ ሰው ጥየቃ ውስጥ ካሉ ግን ከእኩዮቻቸው ጋር ብቻ ሳይሆን ከሽማግሌና ከሕፃን ጋርም መነጋገርን ይለምዳሉ። ሆኖም በየሳምንቱ የሚያገኙት የልብ ጓደኛ ያስፈልጋቸዋል፤ ይህን ማመቻቸት የወላጅ ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ ሕጉስ ይፈቅዳል?

መልስ፦ እንደየአገሩ በጣም ይለያያል። በአሜሪካ በሃምሳዎቹም ክፍላተ ግዛት የተፈቀደ ሲሆን የምዝገባውና የፈተናው ግዴታ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. የ1996ቱ የትምህርት ሕግ ልጁ በትምህርት ቤት ወይም በሌላ መንገድ ተገቢ ትምህርት እንዲያገኝ ወላጅን ያስገድዳል፤ በቤት የሚያስተምሩት የሚደገፉት «በሌላ መንገድ» በሚለው ነው። በፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ2022 መስከረም ጀምሮ አስቀድሞ ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል። በጀርመን ግን በጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ካልሆነ አይፈቀድም፤ የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2006 የአንድ ክርስቲያን ቤተሰብን አቤቱታ አልተቀበለም። ስለዚህ ልጁን ከትምህርት ቤት ከማስወጣታችሁ በፊት የምትኖሩበትን አገር ሕግ በጽሑፍ አይታችሁ አረጋግጡ።

ጥያቄ፦ የአሥራ ሦስት ዓመቷ ልጄ ትምህርት ቤት መግባት እፈልጋለሁ ብላኛለች። እንደ ክህደት ተሰማኝ።

መልስ፦ ክህደት አይደለም፤ የልቧን ልትነግርዎት መድፈሯ በመካከላችሁ መተማመን እንዳለ ያሳያል። ምክንያቷን እስከ መጨረሻው ያዳምጡ። ጓደኛ ፈልጋ ነው? ላቦራቶሪ ያለው የሳይንስ ትምህርት ፈልጋ ነው? ወይስ ከእርስዎ ጋር ሒሳብ መሥራት ሰልችቷት ነው? የመጀመሪያው ወይም የመጨረሻው ከሆነ ቤት እያለችም መፍትሔ ሊገኝለት ይችላል፤ ሁለተኛው ከሆነ ግን ጥያቄዋ ተገቢ ነው። ከአባቷ ጋር ተመካክራችሁና ጸልያችሁ ብትልኳት ያስተማሯት ሁሉ አብሯት ይሄዳል። ከወዲሁ የሠራቻቸውን የጽሑፍ ሥራዎች፣ ያነበበቻቸውን መጻሕፍት ዝርዝርና በየትምህርቱ የደረሰችበትን ምዕራፍ በአንድ ማኅደር አሰባስበው ያስቀምጡ፤ የሚቀበላት ትምህርት ቤት ክፍሏን ለመመደብ የሚጠይቅዎት እርሱን ነው።