«አግዘኝ» አትበዪው፣ አስረክቢው

ውድ አንባቢዎቻችን፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ቢሮ ውለው ማታ ደግሞ ሁለተኛ ሥራ ከሚጀምሩ እናቶች የመጡ ናቸው። ሦስቱን መርጫለሁ። አራተኛው ከአንድ አባት ነው፣ እሱን ለመጨረሻ አቆይቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ትልቁ ሁለተኛ ክፍል ነው፣ ትንሿ ሦስት ዓመቷ ነው። ቤታችን ሰሚት ነው፣ የምሠራው ሜክሲኮ አካባቢ ሒሳብ ክፍል ውስጥ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ካልወጣሁ የታክሲ ሰልፉ አይቻልም። ማታ የምገባው 1 ሰዓት ተኩል ነው። ጠዋት ጠዋት ልጆቼ ላይ እጮሃለሁ። ቢሮ ከገባሁ በኋላ ፊታቸው ትዝ ሲለኝ እንባዬ ይመጣል። ባለቤቴ ጥሩ ሰው ነው፣ አድርግ ያልኩትን ያደርጋል። ግን ካልነገርኩት አያስታውስም። ምን ባደርግ ይሻለኛል? (ከሰሚት)

መልስ፦ እህቴ፣ ከጠዋቱ እንጀምር። ጠዋት የሚበላሸው ማታ ነው። ያልተተኮሰ ዩኒፎርም፣ አንድ እግሩ የጠፋ ካልሲ፣ ሳይፈረምበት ያደረ ኮሙኒኬሽን ቡክ፣ ይህ ሁሉ ንጋት 12 ሰዓት ላይ አንድ ላይ ከመጣ የትኛዋም እናት ትጮሃለች። ልጆቹ ከመተኛታቸው በፊት ሩብ ሰዓት ይበቃሻል። ልብሱ ከነካልሲው ወንበር ላይ፣ ጫማው በር ሥር፣ ቦርሳው ተዘግቶ ጫማው አጠገብ። የሁለተኛ ክፍል ልጅ ይህን ራሱ ያደርጋል። የመጀመሪያውን ሳምንት አጠገቡ ቆመሽ አሳዪው፣ ከዚያ በኋላ ግን እጅሽን አታስገቢ። ዩኒፎርሙን ደግሞ የሳምንቱን በሙሉ እሑድ ተኩሺው። መብራት የሚሄደው ልክ በምትቸኩዪበት ሰዓት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ምሳ ዕቃ ውስጥ ምን እንደሚገባም እሑድ ይወሰን፣ በተለይ የረቡዕና የዓርቡ፤ ጠዋት ፍሪጅ ከፍቶ ማሰብ ብዙ ደቂቃ ይበላል።

ቀጥሎ ቁሌት። እሑድ ከሰዓት ሁለት ሦስት ኪሎ ሽንኩርት በአንድ ድስት አቁላዪ። ግማሹን በበርበሬ፣ ግማሹን አልጫ አድርጊውና ሲቀዘቅዝ ለአንድ ለአንድ ቀን በሚበቃ ዕቃ ከፋፍለሽ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጪ። ቁሌቱ ካለ ምስር ወጥ ቶሎ ይደርሳል፣ ሽሮማ ከዚያም ይፈጥናል። እንጀራውን ግዢ። እናቶቻችን ጋግረው አሳድገውናል፣ እውነት ነው፣ ግን ከሰሚት ሜክሲኮ በየቀኑ አይመላለሱም ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ደብዳቤሽ ውስጥ አንድ ቃል ላይ ቆምኩ፣ «ካልነገርኩት» ላይ። አየሽ፣ ባለቤትሽ ጉልበቱን ይሰጥሻል፣ ሐሳቡ ግን አንቺው ጋ ቀርቷል። ጋዝ ሊያልቅ መሆኑን የምታስታውሺው አንቺ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ ቀን አንቺ፣ ትንሿ ጫማዋ እንደጠበባት አንቺ። ቢሮ ተቀምጠሽም ጭንቅላትሽ ቤት ነው። ስለዚህ «አግዘኝ» አትበዪው። ሁለት ሥራ ምረጪና ከነሐሳቡ አስረክቢው።

ለምሳሌ የትልቁን ልጅ የትምህርት ቤት ጉዳይ በሙሉ። ክፍያው፣ የወላጅ ስብሰባው፣ ኮሙኒኬሽን ቡኩ፣ ሰርቪሱ። ይህ በወሬ ብቻ እንዳይቀር አንድ ነገር አድርጊ፣ ትምህርት ቤቱ የመዘገበውን ስልክ ቁጥር አስቀይሪ። የሰርቪሱ ሹፌር «ልጁ አልወጣም» ብሎ ሲደውል የሚጮኸው የእሱ ስልክ ይሁን። ቀላል ነገር ይመስላል፣ ግን ብዙ ነገር የሚዞረው በዚያ ቁጥር ነው። አንድ ቀን ቢረሳስ? ይረሳል። ልጁ ያለ ስፖርት ልብስ ይሄዳል፣ መምህሯ ለእሱ ትደውላለች፣ በሚቀጥለው ሳምንት አይረሳም። አንቺ ብቻ ደንግጠሽ መልሰሽ አትረከቢው። እዚህ ላይ ነው ብዙዎቻችን የምንሸነፈው።

አንድ ነገር ከራሴ ልጨምር። ልጄ አምስት ዓመቷ እያለ፣ አንድ ማታ ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ እንዳንጠለጠልኩ ሽንኩርት እከትፋለሁ። የሣለችውን ወረቀት ይዛ መጣች። «ቆይ እመቤቴ» አልኳት። ተመልሳ መጣች። «ቆይ አልኩሽ እኮ» አልኳት። ሦስተኛ ጊዜ አልመጣችም። በማግስቱ ቢሮ እስክሪብቶ ስፈልግ ወረቀቱን ቦርሳዬ ኪስ ውስጥ አራት ቦታ ተጣጥፎ አገኘሁት። እኔና እሷ እጅ ለእጅ ተያይዘን ነበር የሣለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤት ስገባ መጀመሪያ እቀመጣለሁ። ሃያ ደቂቃ። ስልኬ ቦርሳ ውስጥ ይቆያል፣ ወጡም ይቆያል። ልጆች በነዚያ ሃያ ደቂቃዎች ከጠገቡ በኋላ ምግብ እስኪደርስ እግርሽ ሥር አይመጡም፣ ሞክሪውና ታዪዋለሽ።

ጥያቄ፦ የምሠራው አዳማ በሚገኝ የግል ድርጅት ነው። የመጀመሪያ ልጄ ሁለት ወር ሆነው። ልክ ሦስት ወር ሲሞላው ሥራ መግባት አለብኝ። ጤና ጣቢያ ስድስት ወር ጡት ብቻ ይሉኛል። እንዴት ነው የሚሆነው? እናቴ ትጠብቅልኛለች። (ከአዳማ)

መልስ፦ እንኳን ማርያም ማረችሽ! ጭንቀትሽ ተገቢ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚሰጥሽ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ነው፣ ከነደመወዝሽ። ስድስት ወር ጡት ብቻ ከሚለው ምክር ጋር ሦስት ወር ይጎድላል። ይህን ክፍተት ሕጉ ራሱ ሊሞላው ይገባል ብዬ አምናለሁ፣ እስከዚያው ግን በእጅሽ ያለውን እንጠቀም።

መጀመሪያ፣ ያልተጠቀምሽበት የዓመት ፈቃድ ካለሽ ከወሊድ ፈቃዱ ጋር ለማያያዝ ዛሬውኑ በጽሑፍ ጠይቂ። በአዋጁ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፣ እሱ ብቻ ሦስት ሳምንት ገደማ ይጨምርልሻል።

ሁለተኛው ወተት ማለብ ነው። ሥራ ከመግባትሽ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለሽ ተለማመጂው። እጅሽን በሳሙና ታጠቢ፣ በተቀቀለና ክዳን ባለው ንጹሕ ዕቃ እለቢ፣ ቀኑን ጻፊበት። የታለበ ወተት ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ክፍል ውስጥ እስከ 4 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን ይቆያል። የአዳማ ቀትር ግን ከ25 ያልፋል፣ ስለዚህ ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጪው። ቢሮ ፍሪጅ ከሌለ በረዶ ያለበት ትንሽ ማቀዝቀዣ ሳጥን ያዢ። መብራት ከሄደ ደግሞ እናትሽ የፍሪጁን በር ቶሎ ቶሎ አይክፈቱት።

ለእናትሽ ሦስት ነገር ንገሪያቸው። ወተቱን እሳት ላይ አይጣዱት፣ ሞቅ ያለ ውሃ ያለበት ሳህን ውስጥ ያቁሙት። በንጹሕ ሲኒ ወይም በማንኪያ ቀስ እያሉ ይስጡት። ጠጥቶ የተረፈውን ለቀጣዩ አያቆዩት። አብሽ ወይም ውሃ እናቅምሰው ካሉ ደግሞ በአክብሮት እምቢ በዪ፣ ስድስት ወር ሳይሞላው አያስፈልገውም። ማታና ሌሊት፣ ቅዳሜና እሑድ ከጡትሽ አትለዪው፣ ወተትሽ እንዳይቀንስ የሚያደርገው እሱ ነው። አጥሚትሽንም ሥራ ገባሁ ብለሽ አታቋርጪ።

ቢሮ ስትመለሺ ለአለቃሽ ቁርጥ ያለ ነገር ይዘሽ ግቢ። «በቀን ሁለት ጊዜ፣ ሃያ ሃያ ደቂቃ፣ በሩ የሚዘጋ ክፍል እፈልጋለሁ» በዪ። በደፈናው «ይቸግረኛል» ከሚል ጥያቄ ይልቅ ይህን እሺ ማለት ይቀላል።

ጥያቄ፦ በአንድ ዓመት ውስጥ አራት ሠራተኛ ቀያየርኩ። ሲሄዱ ሳይነግሩኝ ይወጣሉ፣ እኔ ከሥራ እቀራለሁ። ታማኝ ሰው ከየት ይገኛል? (ከጀሞ)

መልስ፦ እህቴ፣ እንዳትቀየሚኝ፣ ግን አራቱም ከሄዱ ሰዎቹን ትተሽ ሥራውን እዪው። ስንት ሰዓት ትነሣለች? ስንት ሰዓት ትተኛለች? የዕረፍት ቀን አላት? ልጅ መያዝ፣ ማጠብ፣ መጋገር፣ ማብሰል ሁሉም የእሷ ከሆነ፣ አንቺ ያልቻልሽውን ሁሉ አንዲት የ19 ዓመት ልጅ ላይ ጭነሻል ማለት ነው። የቤት ሠራተኛ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ አትሸፈንም፣ ስለዚህ እሷን የሚጠብቃት ያንቺ ቃል ነው።

በመጀመሪያው ቀን ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። ሥራሽ ይህ ይህ ነው፣ ደመወዝሽ በዚህ ቀን ነው፣ እሑድ ያንቺ ነው፣ መሄድ ከፈለግሽ ሁለት ሳምንት ቀድመሽ ንገሪኝ በያት፤ ቃልሽንም ጠብቂ። የማታ ትምህርት መማር ከፈለገች አስመዝግቢያት። የምትማር ልጅ ዓመቷን ሳትጨርስ አትሄድም፣ ብዙ ቤት አይቻለሁ። ደግሞም አንዳንዷ የራሷን ልጅ አገር ቤት ለእናቷ ትታ ነው ያንቺን የምታቅፈው። እሷም እንደ አንቺው ሠርታ ልጅ የምታሳድግ እናት ናት። እስከዚያው ድንገት ብትሄድ ልጅሽን ለአንድ ሁለት ቀን የምታቆይልሽ ጎረቤት ከአሁኑ ይኑርሽ፣ አንቺም የእሷን ቅዳሜ ተረከቢላት።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ትሠራለች፣ እኔም እሠራለሁ። ልጃችን ስምንት ወሯ ነው። ማታ ስገባ «ምን ላግዝሽ?» እላታለሁ፣ ትቆጣለች። የማግዝ ባል ሆኜ ምን አጠፋሁ? (ከቃሊቲ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለማወቅ ብለህ መጻፍህ ራሱ ደስ አሰኝቶኛል። ጥያቄህ በጎ ነው። ግን ደክሟት ለገባች ሴት «ምን ላግዝሽ?» ሌላ ሥራ ነው፣ አስባ፣ መርጣ፣ አስረድታ ልትሰጥህ ነው። ሳትጠይቅ ተነሣና አንዱን ነገር የራስህ አድርገው። የማታ ገላ ማጠብ ይሁን። ውሃውን አንተ አሙቅ፣ ፎጣውን አንተ ፈልግ፣ ቅባቱ ሲያልቅ አንተ ግዛ። በየቀኑ፣ በደከመህም ቀን።

አዋጁ ለአባት የሚሰጠው የወሊድ ፈቃድ 3 ቀን ብቻ ስለሆነ ብዙ አባቶች ሳይለማመዱ ነው ወደ ሥራ የሚመለሱት፣ አልፈርድብህም። አሁን ግን ተማር። የልጅህ የክትባት ካርድ የት እንደሚቀመጥ ታውቃለህ? ካላወቅህ ዛሬ ማታ ፈልገህ አንብበው። የኩፍኝ ክትባት 9 ወር ሲሞላት ነው፣ አንድ ወር አልቀረውም። ቢሮህን ከወዲሁ አስፈቅድና አንተ ይዘሃት ሂድ።