ላቭክራፍትን ከየት ልጀምር ላልከው

ወንድሜ፣ «አሜሪካዊውን የአስፈሪ ታሪክ ደራሲ ላቭክራፍትን ማንበብ አምሮኛል፤ የቱን መጽሐፍ ልግዛ? ሕይወቱንስ ቀድሜ ልወቅ?» ብለሃል። እኔ የተቃጠልኩበት ነገር ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ልመልስልህ። ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው።

1. ሽፋኑ ላይ ስሙን ስላየህ ብቻ ገንዘብህን አታውጣ። ሰውየው በ1937 በ46 ዓመቱ ሲሞት አብዛኛው ሥራው በየመጽሔቱ ተበትኖ ነበር። ደራሲዎቹ ኦገስት ደርሌትና ዶናልድ ዋንድሬይ በ1939 አርካም ሃውስ የተባለውን አሳታሚ ድርጅት ያቋቋሙት ያንን ሰብስበው ለማሳተም ነው፤ ባይኖሩ ዛሬ ስሙንም አናውቀውም ነበር። ደርሌት ግን በዚህ አላበቃም። ከሟቹ ቁርጥራጭ ጽሑፎች እየተነሳ የራሱን ታሪክ ይጽፍና የሁለቱንም ስም ያወጣበታል። በ1945 የታተመው «ደፍ ላይ ያደፈጠው» 50 ሺህ ያህል ቃላት ሲኖሩት የላቭክራፍት 1,200 ገደማ ናቸው! ለእኔ «የላቭክራፍት ምርጥ ሥራ» ተብሎ የተሸጠልኝ ይኸው ነው። ልመልስ ብሄድ ሻጩ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ስሙ አለበት አይደል? ታዲያ ምን ጎደለህ!» ብሎ አመናጨቀኝ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ገንዘቡስ ይቅር፤ ደርሌት ደግ አማልክትና ክፉ አማልክት ብሎ ጎራ ለይቶ ያዋጋል። በላቭክራፍት ዓለም ደግሞ ከባሕር በታች የተኛው ግዙፍ ፍጡር ክቱሉ ሰውን ለመጥላት እንኳ ከቁብ አይቆጥረውም። የፍርሃቱ ሥር እሱ ነው፤ እሱን ከወሰድክበት ምን ይቀራል?

2. የላቭክራፍት አጥኚ በሆነው በኤስ. ቲ. ጆሺ የታረመውን ቅጂ ፈልግ። ጆሺ ጽሑፎቹን ከዋናው ጋር አመሳክሮ አስተካክሏቸዋል። በ1936 «የእብደት ተራሮች»ን ያተመው መጽሔት አንቀጾቹን እንዴት እንደቆራረጠበት ብታይ ታዝናለህ።

3. መጀመሪያ «ከህዋ የመጣው ቀለም»ን አንብብ፤ 1927 የወጣ ነው። አንድ ገበሬ ማሳ ላይ የሰማይ ድንጋይ ይወድቃል። በዚያው ዓመት ፍሬው ከወትሮው ገዝፎ፣ አብረቅርቆ ያፈራል፤ ሲቀምሱት ይመራል። ከዚያ ተክሉ፣ ከብቱ፣ በመጨረሻም ሰዉ ግራጫ እየሆነ ይፈረፈራል። «ልብ ወለድ አልወድም» የሚል ወዳጄን በዚህ ነው የማረክሁት፤ ሌሊቱን ጨርሶት ጠዋት ሌላ አምጣ አለኝ።

ሕይወቱን ከዚያ በኋላ ብታየው ይሻላል። አባቱ በ1893 በትለር የአእምሮ ሆስፒታል ገብቶ እዚያው ሞተ፤ እናቱም በ1919 እዚያው ገባች፣ እዚያው አረፈች። ይህን ይዘህ «የኢንስማውዝ ጥላ» ውስጥ ተራኪው የገዛ ዘሩን ሲያውቅ የሚሆነውን አንብብ።

ዘረኛ መሆኑንም አስቀድሜ ልንገርህ። ኒውዮርክ ሳለ በ1925 የጻፈው «የሬድ ሁክ ሰቆቃ» በስደተኞች ጥላቻ የተሞላ ነው። እንደ ጥቁር አንባቢ ደሜ እየፈላ ነው የጨረስኩት። ለምናባዊ ድርሰት የሚሰጠው የዓለም ፋንታሲ ሽልማት በእሱ ፊት ቅርጽ መሰጠቱ እንዲቀር በ2015 ሲወሰን ደስ ብሎኛል፤ መጽሐፎቹን ግን ከመደርደሪያዬ አላወረድኩም። አንተም ሬድ ሁክን ለመጨረሻ አቆየው።