«ትምህርቴን ትቼ የሳንቲም ግሬደር ልሁን?» ላለኝ የሐዋሳ ተማሪ

ደብዳቤው ባጭሩ ይህን ይላል፦ «ሰላም ጋሼ። ሐዋሳ አካውንቲንግ እማራለሁ፣ አንድ ዓመት ቀርቶኛል። ከአያቴ ሦስት ማርትሬዛ፣ አንድ የምኒልክ ብርና አንድ ከረጢት የጃንሆይ ሳንቲም ደርሶኛል። በቴሌግራም የድሮ ገንዘብ መግዛትና መሸጥም ጀምሬያለሁ። አሜሪካ ተልኮ ግሬድ የተደረገ ሳንቲም ዋጋው እጥፍ ድርብ ይሆናል አሉኝ። ትምህርቱን ትቼ የዚህ ሥራ ወኪል ብሆን፣ ወይም ራሴ ግሬደር ብሆንስ?»

ወንድሜ፣ መልሱን ላስቀድምልህ፦ ትምህርትህን አትተው። ግን ጥያቄህ የሞኝ ጥያቄ አይደለም። እንዲያውም ወደ እኔ ከሚመጡት ብዙዎቹ የሚሻለው ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ሳታውቀው አንድ ትልቅ የሙያ ዓይነት ነክተሃል።

ግሬዲንግ የሚባለው ነገር፣ ማለትም የሳንቲምን የጥራት ደረጃ መመዘን፣ ለምን እንደመጣ ካወቅህ ቀሪው ይገለጥልሃል። ድሮ የሳንቲሙን ደረጃ የሚናገረው ራሱ ነጋዴው ነበር። ሲገዛህ «ያገለገለ ነው» ይልሃል፣ ያንኑ ሳንቲም በማግስቱ ሲሸጠው «እጅ ያልነካው» ይሆናል። ወርቅ ቤት ገብተህ ቀለበት ሸጠህ የምታውቅ ከሆነ ይህቺን ጨዋታ አታጣትም። በ1949 እ.ኤ.አ. ዊልያም ሼልደን የሚባል አሜሪካዊ ለጥንት የአሜሪካ ሳንቲሞች ከ1 እስከ 70 የሚሄድ መለኪያ አወጣ። ሐሳቡ ደረጃው 70 የሆነ ሳንቲም ደረጃው 1 ከሆነው 70 እጥፍ ያወጣል የሚል ነበር። የዋጋው ስሌት ብዙም ሳይቆይ ፈረሰ፣ ቁጥሮቹ ግን ቀሩ፤ ዛሬም የሚሠራባቸው ነው። (የሚገርመው፣ ሰውዬው ከሞተ በኋላ ከአንድ ትልቅ የኒውዮርክ ስብስብ ጥሩ ጥሩውን እያነሳ በራሱ የባሰ ሳንቲም ሲተካ እንደነበረ ታወቀ። መለኪያውን የሠራው ሰው ሚዛኑን ራሱ ሰረቀ ማለት ነው።)

ከዚያ በ1986 እ.ኤ.አ. ፒሲጂኤስ፣ በ1987 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኤንጂሲ የሚባሉ ድርጅቶች ሥራ ጀመሩ። ሳንቲምህን ትልካለህ፣ የማን እንደሆነ የማያውቁ ከአንድ በላይ ባለሙያዎች ለየብቻ ያዩታል፣ ደረጃ ይሰጡታል፣ ከዚያ ደረጃውና መለያ ቁጥሩ በተጻፈበት ጠንካራ ፕላስቲክ ውስጥ ይታሸጋል። መለያ ቁጥሩን ኢንተርኔት ላይ አስገብተህ ማረጋገጥ ትችላለህ። 60ና ከዚያ በላይ ማለት ገበያ ላይ ያልዋለ ነው። 70 ማለት በአምስት እጥፍ ማጉያ ሲታይ እንኳ ከተመታ (ከተሠራ) በኋላ የደረሰበት ምንም እንከን የለውም ማለት ነው።

ይሄ ነገር ገበያውን ለወጠው። ሳንቲሙን በእጁ ያልነካ ሰው ከሌላ አህጉር በልበ ሙሉነት መግዛት ቻለ፣ የሐሰት ሳንቲም ሻጭም እጁ አጠረ። ግን ጣጣም አመጣ። ከ65 ወደ 66 አንዲት ቁጥር ከፍ ስትል ዋጋው አንዳንዴ ብዙ እጥፍ ስለሚዘል፣ ሰው ፕላስቲኩን እየሰበረ «ምናልባት ዛሬ 66 ይሉኝ ይሆናል» ብሎ ያንኑ ሳንቲም ደጋግሞ መላክ ጀመረ። በ2007 እ.ኤ.አ. ደግሞ ደረጃ የወጣለትን ሳንቲም እንደገና አይቶ፣ ካመነበት ፕላስቲኩ ላይ አረንጓዴ ተለጣፊ የሚለጥፍ ሌላ ድርጅት መጣ። ዳኛውን የሚዳኝ ዳኛ! ፕላስቲኩ ራሱ በሐሰት መሠራት ጀመረ። ሳንቲም ማየት የማይችል፣ ቁጥር ብቻ የሚያነብ ሰብሳቢም በዛ። ለእኔ ትልቁ ጉዳት ይሄ የመጨረሻው ነው።

አሁን ወደ አንተ ኪስ እንምጣ። የጃንሆይ ሳንቲሞች ላይ 1936 የሚል አለ አይደል? ቴሌግራም ላይ «የ1936 ብርቅ ሳንቲም» እያሉ ሚሊዮን ሲጠሩበት አይቻለሁ። ያ ዓመት ሳይቀየር ለብዙ ዓመታት ተመትቷል፣ ብርቅ አይደለም። ማርትሬዛውም እንደዚያው ነው፤ 1780 የሚለው ምስሏ ያለበት የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው፣ ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር ሲመታ ኖሯል። እነዚህን ለማስመርመር የአገልግሎት ክፍያ፣ ፖስታ፣ ኢንሹራንስ፣ ያውም በዶላር ስትከፍል፣ ወጪው ከሳንቲሙ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። አካውንቲንግ ተማሪ ነህ፣ ሒሳቡን ራስህ ሥራው። የምኒልኩ ብር ንጹሕ ከሆነ ግን ሌላ ወሬ ነው። ችግሩ የእኛ አገር ጠገራ ብዙ ጊዜ አንገት ላይ ሲንጠለጠል ስለኖረ የብየዳ ምልክት ይኖረዋል፣ መዛኞቹ ድርጅቶች ደግሞ ያንን ካዩ ቁጥር አይሰጡትም፣ «ጉዳት ያለበት» ብለው ያሽጉታል።

የታጠበ ሳንቲምም ያው ነው። እኔ ልጅ ሆኜ የአያቴን ማርትሬዛ በሎሚና በአመድ ፈትጌ ፈትጌ እንደ መስታወት አብረቅርቄ አሳየኋቸው። እሳቸው መረቁኝ። ዛሬ ሳየው ላዩ ላይ ያለው ጭረት ሁሉ የእኔ ነው።

ስለ ወኪልነቱ አንድ ነገር ሳልነግርህ አላልፍም። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ክልክል ነው፤ አዋጁ ቁጥር 209/1992 ነው። የአክሱም ነገሥታት ሳንቲም፣ የእንዱቢስም ሆነ የኢዛና፣ አንድ ቀን «አሻግርልኝ» ብሎ የሚያመጣልህ ሰው ቢኖር እጅህን ሰብስብ። ስለ ምኒልኩ ብርም ቢሆን ከመላክህ በፊት የቅርስ ባለሥልጣንን ጠይቅ። ወኪል ማለት የሰው ንብረት ተሸክሞ ጉምሩክ ላይ የሚቆም ሰው ነው፣ ቢጠፋም ቢያዝም ተጠያቂው አንተ ነህ።

ግሬደር መሆንስ? ሥራው አለ፣ ግን በዓለም ላይ በጥቂት ድርጅቶች ውስጥ ነው ያለው፣ አዲስ አበባም ሐዋሳም ቅርንጫፍ የላቸውም። የሚቀጠሩትም በአብዛኛው ለዓመታት ሲገዙና ሲሸጡ ዓይናቸው የሰላ ሰዎች ናቸው። ዲግሪ የሚሰጥበት ትምህርት አይደለም።

ቅድም «ሳታውቀው ነክተሃል» ያልኩህ ይሄን ነው። ግሬደር ገዢም ሻጭም ያልሆነ፣ መሐል ላይ ቆሞ «ይሄ ይህን ያህል ነው» የሚል ሰው ነው። እዚያው ሐዋሳ የሲዳማን ቡና እየቀመሱ ከመቶ ነጥብ የሚሰጡ ሰዎች ሥራቸው ይኸው ነው፤ 80ና ከዚያ በላይ ያገኘው ስፔሻሊቲ ይባላል፣ እዚያም አንዲት ነጥብ ብዙ ዶላር ታወራለች። አንተ የምትማረው ኦዲትስ ምንድን ነው? ድርጅቱ ስለ ራሱ የሚናገረውን ባዕድ ሰው አይቶ ይመስክር ማለት አይደለም እንዴ? ዝንባሌህ መመዘን ከሆነ ትምህርትህ ከጎንህ ነው፣ ጠላትህ አይደለም። ኦዲት፣ የንብረት ግምት፣ የባንክ ዋስትና ምዘና፣ ቡና ቅምሻ፣ ሁሉም በር ነው። ቡናው ከሳበህ ደግሞ በዕረፍትህ አንድ የቅምሻ ላብራቶሪ ሄደህ «ልመልከት» በል፣ እምቢ ቢሉህ አትሞትም።

ሳንቲሙን ደግሞ አትተወው። አምስት እጥፍ የምታጎላ ትንሽ ማጉያ ግዛ። ሳንቲሙን በጠርዙ ብቻ ያዝ፣ አምፖል ሥር ቀስ እያልክ አዘንብለው። መጀመሪያ የሚያልቀው ከፍ ብሎ የወጣው ቦታ ነው፣ የምኒልክ ዘውድና ጸጉር፣ የአንበሳው ጎፈር። በአጠቃቀም ያለቀውንና ሲመታ ጀምሮ ምስሉ በደንብ ሳይወጣ የቀረውን መለየት ዋናው ትምህርት ነው፣ ጊዜም ይወስዳል። ማታ ማታ፣ ደረጃ ወጥቶላቸው የተሸጡ ሳንቲሞችን ፎቶ ኢንተርኔት ላይ ክፈት፣ የደረጃውን ቁጥር በእጅህ ሸፍን፣ ገምት፣ ከዚያ ግለጥ። ግምትህን በደብተር ጻፈው። መቶ ሳንቲም ገምተህ ስንቱን እንዳገኘህ ስትነግረኝ ስለ ግሬደርነት እንደገና እናወራለን። አዲስ አበባ ከመጣህም ስድስት ኪሎ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ጎራ በል።

የምኒልኩን ብር ፎቶ ላክልኝ። ሁለቱንም ገጽና ጠርዙን፣ በቀን ብርሃን። ብቻ አደራህን፣ ፎቶው ያምርልኛል ብለህ እንዳታጥበው።