መልስ፦ ስለ ምኒልክ መኪና መጽሐፍ ለመጻፍ ከየት ልጀምር?

ወንድሜ፣ ስለ አፄ ምኒልክ የመጀመሪያ መኪና መጽሐፍ ልጽፍ ነው ማለትህ በጣም ደስ ብሎኛል። ከፎቶዎቹ ጀምር። መኪናዋ እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሌይ ከጅቡቲ በረሃውን አቋርጦ በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ ያስገባት ሲድሌይ የተባለች የእንግሊዝ ሥሪት ናት። በዚያው ሰሞን ግን ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልትስም በሌላ መኪና መጥቷል። ስለዚህ ከፎቶ ስር "የምኒልክ መኪና" የሚል ስታይ ዝም ብለህ አትመን። የራዲያተሩን ቅርጽና የመብራቶቹን ቦታ አስተያይ።

እንግሊዝ አገር ያለውን መዝገብ "ወልስሊ" በሚለውም ስም ፈልግ፤ ያኔ ሲድሌይ ከወልስሊ ኩባንያ ጋር ነበር። ቀን ላይ ደግሞ በደንብ ተጠንቀቅ። የኛ 1900 በፈረንጅ 1907ም 1908ም ላይ ያርፋል። ስድስት ኪሎ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ሳታይማ አንድ ምዕራፍም እንዳትጽፍ!