መልስ፦ ሣጥኑን በሩ ላይ አትሰረው

ወንድሜ፣ ከሱሉልታ የቧንቧ ሥራ ዕቃ የምታመላልስበት ሚኒባስ የኋላ በር ላይ ሣጥን ልሰር ወይ ብለህ ጠይቀሃል። በርህ ወደ ላይ የሚከፈት ከሆነ ፈጽሞ አታድርገው። በሩን ደግፈው የሚይዙት ዘንጎች ለራሱ ለበሩ ክብደት የተመጠኑ ናቸው፤ አንድ ቀን አናትህ ላይ ይወርዳል። ሻንሲው ላይ፣ ማለትም የመኪናውን አካል በሚሸከመው የታችኛው ብረት ላይ፣ በቡሎን የሚታሰር የብረት ክፈፍ አሠራ።

ክብደቱን ደግሞ አትናቅ። በፊትና በኋላ ጎማ መካከል 2.5 ሜትር ቢኖርና 50 ኪሎ ከኋላ ጎማ 1.25 ሜትር ርቆ ቢንጠለጠል፣ ኋላው 75 ኪሎ ይጨመርበታል፤ ፊቱ 25 ኪሎ ይቀለዋል። የእንጦጦ ዳገት ላይ መሪው ይነግርሃል! ስለዚህ ከባዱን መፍቻ መኪናው ውስጥ አስቀርተህ ቱታና የፕላስቲክ መገጣጠሚያ ብቻ ሣጥኑ ውስጥ ክተት።

ለሣጥኑ እኔ ከብረት ላሜራ ይልቅ አሉሚኒየም እመርጣለሁ፤ ክፈፉን በሚነካበት ቦታ ግን ላስቲክ ይግባበት፣ አለዚያ በእርጥበት ይበላል። ክዳኑም ዙሪያውን ጎማ ይፈልጋል። የሚሄድ መኪና አቧራውን ወደ ኋላው ይስባል፤ የመጀመሪያ ሣጥኔን ስከፍት ዕቃው ሁሉ በርበሬ የተነሰነሰበት ይመስል ነበር። ታርጋና መብራት እንዳይሸፈን።