የሲልቨር ስፕሪንጉ የሕክምና ሙዚየም ለልጆች ይከብዳል ወይ?

እህቴ፣ የቅዳሜ አማርኛ ተማሪዎችሽን ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወዳለው የጤናና ሕክምና ብሔራዊ ሙዚየም ልትወስጃቸው አስበሽ፣ ይፈሩ ይሆን ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። ከ12 ዓመት በላይ ከሆኑ ውሰጃቸው። እኔ በዚያ ዕድሜ ያሉ ልጆች ይዤ ሄጃለሁ። መግቢያውም ነፃ ነው። አጥንትና በጠርሙስ የተቀመጠ የሰው አካል ስላለ ግን ለወላጆች አስቀድመሽ ንገሪ። የሟች አካል ለእይታ መቅረቡ የሚከብደው ቤተሰብ አለ፤ አይፈረድበትም።

ሁሉንም ላሳያቸው ብለሽ አትሩጪ። ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጀምሪ። ሙዚየሙ ራሱ የተወለደው እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1862 የሠራዊቱ ዋና ሐኪም ዊልያም ሃመንድ ከቁስለኞች የሚወጣው አጥንትና ጥይት ለትምህርት እንዲሰበሰብ አዘዘ። የጄኔራል ዳንኤል ሲክልስን የእግር አጥንት ፈልጊላቸው። በዚያው ጦርነት፣ በጌቲስበርግ ውጊያ ላይ በ1863 የመድፍ ጥይት መታውና እግሩ ተቆረጠ። ሰውየው የተቆረጠውን እግር የሬሳ ሣጥን በምትመስል ትንሽ ሣጥን አድርጎ ለሙዚየሙ ላከው። በኋላም እየመጣ ይጠይቀው ነበር! የኔዎቹ እዚህ ጋ በሳቅ ፈረሱ።

ከሳቁ በኋላ ጥያቄው ይመጣል፦ «ያለ ማደንዘዣ ነው የቆረጡት?» ፊልም ላይ ጥርሱን ነክሶ ሲቆረጥ ስለምናይ ሁሉም እንደዚያ ይመስለዋል። በዚያ ጦርነት ግን ክሎሮፎርምና ኢተር በሰፊው ይሠራባቸው ነበር። የጠፋው የጀርም እውቀት ነው። ሐኪሙ እጁንም መጋዙንም ሳያጥብ ከአንዱ ቁስለኛ ወደ ሌላው ያልፋል። ከሞቱት ወታደሮች ሁለት ሦስተኛ ያህሉን የጨረሰው ደግሞ ጥይት ሳይሆን በሽታ ነው። ተቅማጥ፣ ታይፎይድ፣ የመሳሰለው። ይሄን ረጋ ብለሽ አስረጃቸው፤ ከጉብኝቱ ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው።

ከዚያ ፕሬዚዳንት ሊንከንን የገደለችው ጥይት ጋ ውሰጃቸው። በ1865 ሲመታ ቀድሞ የደረሰለት ሐኪም ቁስሉን የመረመረው በጣቱ ነው። የቀደመውን ከሰሙ በኋላ «ታጥቦ ነበር?» ብለው ራሳቸው ይጠይቁሻል።

የቀረውን ለቀቅ አድርጊያቸው፣ እንደየፍላጎታቸው ይዙሩ። ሆዱ የሚገለበጥበት ልጅ ካለ ማይክሮስኮፖቹ ጋ ይቆይ። የሚከፈትበትን ቀንና ሰዓት ከመሄድሽ በፊት አጣሪ፤ በቡድን ስትሄዱ ቀድሞ ደውሎ ማሳወቅም ጥሩ ነው። ምሳ ዳውንታውን ሲልቨር ስፕሪንግ ካሉት የኛ ቤቶች አንዱ ጋ ይሁን። ክትፎ ግን የዚያን ዕለት የሚያዝዝ አታገኚም።