አያታችሁ ዝም ያሉት ረስተው አይደለም

ውድ ልጆቼ፣

በቅርቡ አንዲት ልጅ «አያቴ የኮሪያ ዘማች ናቸው። ታሪካቸውን ልቅዳቸው ብዬ ስልኬን ሳወጣ ዝም ይላሉ። ምን ብዬ ልጠይቃቸው?» አለችኝ። ዕድሜዬን በሬዲዮ ድምፅ ቀረጻ ላይ ስላሳለፍኩ ነው እኔን የመረጠችው። ጥያቄዋ ግን ለዓመታት ሲያንገበግበኝ የኖረ ነገር ቀሰቀሰብኝ።

ፒያሳ ሠራተኛ ሰፈር ስንኖር ሃምሳ አለቃ የምንላቸው ጎረቤት ነበሩን። የክቡር ዘበኛ፣ የንጉሠ ነገሥቱ ጠባቂ ጦር፣ አባል ነበሩ። ኢትዮጵያ ለኮሪያ ጦርነት የላከችው የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. በባቡር ጅቡቲ ወርዶ፣ ከዚያ ሦስት ሳምንት ያህል በመርከብ ተጉዞ የደቡብ ኮሪያ ወደብ ፑሳን ሲገባ እሳቸውም ነበሩበት። እናቴ ለገሃር ልትሸኝ ከወጡት አንዷ ነበረች። እልልታና ለቅሶ አንድ ላይ የሰማችው ያን ቀን ብቻ መሆኑን ትነግረን ነበር። የእናቴን ወሬ ከጀመርኩ ግን አልጨርስም።

እኛ ልጆች ሃምሳ አለቃ ኮሪያ መዝመታቸውን እናውቃለን እንጂ ሲያወሩት ሰምተን አናውቅም። ምክንያቱ የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው። የታኅሣሥ 1953ቱን መፈንቅለ መንግሥት የመሩት የክቡር ዘበኛ አዛዥ ስለነበሩ፣ ከዚያ ወዲያ «የክቡር ዘበኛ ሰው ነኝ» ብሎ መናገር ያስፈራ ነበር። ቀጥሎ ደርግ መጣ። እነ ሃምሳ አለቃ የተዋጓት ሰሜን ኮሪያ ወዳጅ ሆነች። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት ያለውን የትግላችን ሐውልት ታውቁታላችሁ። በ1977 ዓ.ም. የተመረቀ ነው፤ ቅርጻ ቅርጾቹን የሠሩት የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ናቸው። ሃምሳ አለቃ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ሲወርዱ በዚያ ሐውልት ሥር ያልፉ ነበር። ሜዳያቸው በጨርቅ ተጠቅልሎ ከጤፍ ጆንያ ሥር ተደብቋል። እንዲህ የኖረ ሰው ስልክ ሲደቀንበት ዝም ቢል ምን ይገርማል?

ከ1983 በኋላ እኔ የምሠራበት ጣቢያ ስለ ቃኘው ዘማቾች ፕሮግራም ሊሠራ ተነሣ። ሃምሳ አለቃን ለመንኳቸው፤ መጡ። ካፖርታቸው ተተኩሷል፣ ሜዳያቸው ደረታቸው ላይ ተደርድሯል። እኔ ከመስታወቱ ወዲህ ማሽኑ ላይ ተቀመጥኩ። ጋዜጠኛው ጥያቄዎቹን ጽፎ ነው የመጣው። የትኛውን ኮረብታ ያዛችሁ? ስንት ሰው ነበራችሁ? ጠላት ስንት ነበር? ሃምሳ አለቃ ለአለቃ ሪፖርት እንደሚያቀርብ ወታደር ቁጭ ብለውም ቀጥ እንዳሉ ባጭሩ መለሱ።

ከዚያ ማንም ሳይጠይቃቸው «አንድ ልጅ ነበር» አሉ። ጣሳ ይዞ ካምፓቸው በር ላይ የሚቆም፣ ወላጆቹ የሞቱበት ልጅ። ከራሽናቸው እየቀነሱ ያበሉታል። ስሙን ስለማያውቁ ራሳቸው ስም አወጡለት፤ በገዛ ታናሽ ወንድማቸው ስም። በረዶው ሲጀምር የወታደር ካልሲ እስከ ጉልበቱ አጠለቁለት። ድምፃቸው እየወረደ ሲሄድ እኔ ማይኩን ከፍ አደረግኩ። «አንድ ቀን ማለዳ...» ሲሉ ጋዜጠኛው «በጣም ጥሩ፣ ሃምሳ አለቃ። አሁን ወደ ውጊያው እንመለስ» አላቸው።

እሳቸውም ተመለሱ። ትእዛዝ ነዋ።

ፕሮግራሙ ሲያልቅ እስከ ታክሲ ሸኘኋቸውና ያ ልጅ ምን ሆነ ስል ጠየቅኳቸው። «ተወው፣ አለፈ» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ከዚያ በኋላ አንስተውት አያውቁም። የቴፕ ክር ጠፍቶ ስለነበር በዚያው ቴፕ ሌላ ፕሮግራም ተቀዳበት። እሳቸው ካረፉ ቆይተዋል። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ጎረቤቱም በየአቅጣጫው ተበተነ።

ከዓመታት በኋላ የቃኘው ወታደሮች በ1945 ዓ.ም. ዶንግዱቾን በምትባል ከተማ የወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያ እንዳቋቋሙ አነበብኩ። ያ ልጅ እዚያ ደርሶ ይሆን? ወይስ ያን ቀን ማለዳ...? ከዘማቾቻችን ከ120 በላይ መሞታቸውን፣ ከ500 በላይ መቁሰላቸውን፣ አንድም ሰው አለመማረኩን የትም ታገኙታላችሁ። የዚያን ልጅ ነገር የሚያውቁት ሃምሳ አለቃ ብቻ ነበሩ።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ውጊያውን አትጠይቁ። ባቡሩን ጠይቁ። መርከቡ ላይ ምን እንደበሉ፣ በረዶ ሲያዩ ምን እንዳሉ፣ ከጎናቸው ማን ይተኛ እንደነበር ጠይቁ። ውጊያው ራሱ ይመጣል። ባይመጣም ይቅር። ዓመተ ምሕረት ቢያሳስቱ አታርሟቸው፤ ያ በኋላ ከመዝገብ ይገኛል። ዝም ካሉም አብራችሁ ዝም በሉ። እናንተ ደግሞ ዝምታ አትወዱም። የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ለምዳችሁ አንድ ሽማግሌ ትንፋሽ ሲወስድ ያለቀ ይመስላችኋል። ይህን ስላችሁ አትቀየሙኝ፤ ያን ጋዜጠኛ ያሳደገው የኛው ዘመን ነው።

ስልኩን በመጀመሪያው ቀን ባታወጡት እመርጣለሁ። ግን ደግሞ ዘጠና ያለፋቸው ሰው ናቸውና ነገን ማን ያውቃል? ቅዱ። አስፈቅዳችሁ፣ ስልኩን ከረከቦቱ አጠገብ አስቀምጡና እርሱት። ቲክቶክ ላይ ለመለጠፍ ግን እሺ ማለት ያለባቸው እሳቸው ናቸው። ፋይሉንም አንድ ስልክ ላይ ብቻ አትተዉት፤ ስልክ ይሰረቃል።

ፎቶ ካለ አንድ በአንድ እያሳያችሁ የቆሙትን ሁሉ ስም ጠይቁ። ከጀርባው በእርሳስ ጻፉት፤ ቀለም ፎቶውን ያበላሻል። የሞቱት ሲታወሱ ብዙ ጊዜ ወሬው የሚፈታው እዚህ ላይ ነው። እንባ ቢመጣ ፎቶውን ቀምታችሁ አትሰብስቡ።

ለጠየቅሽኝ ልጅ አንድ ነገር ልጨምር። አያትሽ አቅም ካላቸው አፍንጮ በር ያለው የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ ውሰጂያቸው። እዚያ በሕይወት ያለ ጓደኛቸውን ብታገኙ ሁለቱንም ቤትሽ ለቡና ጋብዢያቸው። አንዱ «እንዲያ አልነበረም» ሲል ሌላው ዝም ማለት አይችልም፣ ይናገራል። አንቺ ቡናውን አፍዪ። የእንግዳውን ታክሲም አንቺው ክፈዪ።